በማን እጅ ልውለድ?

ወጣቷ፦ እትዬ፣ እርስዎ ዕድሜዎን አራስ ክፍል የሠሩ ሰው ነዎት፤ እስኪ ይምከሩኝ። እኔና ባለቤቴ ትንሽ ገንዘብ አጠራቅመናል። ሁለተኛ ልጃችንን በግል ሆስፒታል፣ ከፍዬ፣ ራሴ በመረጥኩት ሐኪም እጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ከስፖንጋ ተነሥቼ ስቶክሆልም ውስጥ የት ልሂድ?

አንጋፋዋ፦ የትም አትሄጂም የኔ ልጅ፤ እንዲህ ያለ ቤት እዚህ የለም። የግል የጤና ኢንሹራንስ ብትገዢ እንኳ ወሊድን አይሸፍንልሽም። በገንዘብሽ አልትራሳውንድ የሚያነሡሽ ክሊኒኮች አሉ፤ የሆድሽን ልጅ አይተሽ ፎቶውን ይዘሽ ትመለሻለሽ። ምጡ ሲመጣ ግን የሀብታሟም የድሃዋም በር አንድ ነው። የእርግዝና ክትትሉ በነፃ ነው። ከወለድሽ በኋላ ለአልጋ በቀን ከመቶ ክሮነር ጥቂት ከፍ የሚል ትከፍያለሽ፤ እሱ ነው ሒሳቡ።

ወጣቷ፦ ታዲያ ሰው ሁሉ የግል፣ የግል የሚለው ምኑን ነው? ቴንስታ የምትኖር ጓደኛዬ የምትከታተልበት ክሊኒክ የኩባንያ ነው ብላኛለች።

አንጋፋዋ፦ ልክ ናት። የስቶክሆልም ሪጂዮን የእርግዝና ክትትሉን ለምርጫ ክፍት ካደረገው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋላጆች ወይም ኩባንያዎች መስፈርቱን አሟልተው ክሊኒክ ይከፍታሉ፤ ለተቀበሏት ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከግብር ገንዘብ ይከፈላቸዋል። አንቺ ትመርጫለሽ፣ ገንዘቡ ይከተልሻል። የሪጂዮኑ የራሱ ክሊኒክም እዚያው አጠገብ ሊኖር ይችላል፤ ውስጥ ገብተሽ የማን እንደሆነ ሳታውቂ ልትወጪ ትችያለሽ። ሆስፒታልም እንደዚሁ ነው። ኩንግስሆልመን ያለው ሳንክት ዮራን ከ1999 ጀምሮ ካፒዮ በሚባል ኩባንያ እጅ ነው፣ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምነግርሽ፤ ካፒዮን ደግሞ ራምሴ ሳንቴ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ገዝቶታል። አሁን የማዋለጃ ክፍልም አለው። እዚያ ገብተሽ ብትወልጂ የምትከፍይው የመንግሥቱ ሆስፒታል ካሮሊንስካ ከምትከፍይው አይለይም።

ወጣቷ፦ ይሁን። ባልከፍልም መምረጥ ከቻልኩ ይበቃኛል። ብቻ የመንግሥቱ ማዋለጃ ክፍል ሁለተኛ አልመለስም።

አንጋፋዋ፦ ምን አገኘሽ እዚያ?

ወጣቷ፦ የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ሌሊቱን ሳምጥ ፈረቃ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ሰው ይገባል። የምትገባው ሁሉ መጀመሪያ የምታየው ኮምፒውተሩን ነው፣ ከዚያ እኔን። አንዷ «ገና ነሽ» ብላኝ ወጣች። እኔ ግን ልጄ እየመጣ እንደሆነ አውቅ ነበር። ስዊድንኛው በዚያ ሰዓት ከአፌ ጠፋ። ባለቤቴን አየሁት፤ እሱም ቃል አጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ይጫናል። ልጄን በሰላም ታቅፌያለሁ፣ ማርያም ማረችኝ። የዚያ ሌሊት ብቸኝነት ግን አሁንም ያባንነኛል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የግል ሆስፒታል ነው የወለደችው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተከታተላት ሐኪም ስልኩን ሰጥቷት ነበር፤ በሌሊት ደወለች፣ መጣ። እናታችን በሩ ላይ ሆና ማርያም ማርያም ትላለች። እህቴ በገንዘቧ ያገኘችው ይህን ነው። እኔስ ለምን አላገኝም?

አንጋፋዋ፦ እህትሽ በሰላም በመገላገሏ ደስ ይለኛል። ግን ያ ሐኪም ስንት ሌሊት መነሣት ይችላል? እሱም ሰው ነው፣ ቀን ሌላ ሥራ አለበት። አንድ ሐኪም ለብዙ ነፍሰ ጡሮች «ደውይልኝ፣ እመጣለሁ» ካለ፣ ውሎ አድሮ ምጡ የእሱን ሰዓት መጠበቅ ይጀምራል። ከዚያ መርፌ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በኦፕራሲዮን የወለዱት ከመቶ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከመቶ 21። ሁለቱም ያንገበግበኛል። ገጠር ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋት ሳታገኘው ትሞታለች፤ ከተማ የማያስፈልጋት ትሰፋለች። ብራዚልን ተመልከቺ፤ በግል ሆስፒታሎቿ ከአሥር እናቶች ከስምንት የሚበልጡት በኦፕራሲዮን ነው የሚገላገሉት። የብራዚል ሴት ማሕፀን ከእኛ ተለይቶ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ እንደ ሕዝብ ሲታይ ከመቶ አሥር በላይ በኦፕራሲዮን ማዋለድ ሞትን እንደማይቀንስ ተናግሯል።

ወጣቷ፦ ስዊድንም እኮ ከአምስት ወይም ከስድስት እናቶች አንዷ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው። አዲስ አበባን ብቻ ለምን እንከሳለን?

አንጋፋዋ፦ ቁጥሩ ሊቀራረብ ይችላል። እኔ የማየው ማን እንደሚወስንና በመወሰኑ ምን እንደሚያገኝ ነው። እዚህ ጤናማ ምጥ የአዋላጅ ነው፤ ሐኪም የሚጠራው ነገሩ ሲጠምም ነው። ኦፕራሲዮን ሆነም አልሆነም የአዋላጇ ደሞዝ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እስክትደርሽ ቁጭ ብላ መጠበቅ ትችላለች። ይህ ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስዊድን ውስጥ ከ100,000 ወሊድ ወደ 900 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ1900 ገደማ ወደ 230 ወርዷል። አንቲባዮቲክ የለም፣ አብዛኛው ሰው የሚወልደው ቤቱ ነው። ያወረዱት የተማሩ አዋላጆች ናቸው፤ በየአጥቢያው ተመድበው፣ ከ1829 ጀምሮ ልጅ በመሣሪያ እንዲስቡ ተፈቅዶላቸው፣ በኋላም እጅና ዕቃ በመድኃኒት ማጠብን ተምረው። በ2016ቱ ጥናት የኢትዮጵያ ቁጥር 412 ነበር። እኛ በ2016 እንኳ ያልደረስንበትን እነሱ ያገኙት በየሰፈሩ የቆመች፣ ከሕዝብ ገንዘብ የሚከፈላት አዋላጅ ስለነበረቻቸው ነው።

ወጣቷ፦ እትዬ፣ ይህ ታሪክ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ያቺ የአጥቢያ አዋላጅ የሰፈሯን ሴት ታውቃት ነበር! የስንት ልጅ እናት እንደሆነች፣ ባሏ ጠጪ መሆን አለመሆኑን፣ ባለፈው ምጧ ምን እንደገጠማት ታውቃለች። ሴቲቱም የሚመጣውን እጅ ታውቀዋለች። የዛሬው ሥርዓት የአዋላጇን ዕውቀት ይዞ ትውውቁን ጥሎታል። ክትትሌን የምታደርግልኝ አዋላጅ ስፖንጋ አለች፤ ደግ ናት፣ ስሜን ታውቃለች። ምጥ ሲመጣ ግን እሷ የለችም። የምትቀበለኝ በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ ሰው ናት።

አንጋፋዋ፦ እሱ እውነት ነው። ክትትሉና ማዋለጃው ሁለት ቤት ናቸው፤ መሐላቸው ያለው ወረቀት ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያስ!

አንጋፋዋ፦ ቆይ፣ አትቸኩይ። የግሉ ይህን አንድ አድርጎልሻል ወይ ነው ጥያቄው። ክትትልሽን የግል ክሊኒክ ብታደርጊውም ያቺ አዋላጅ ሳንክት ዮራን ድረስ ተከትላሽ አትመጣም። እዚያም ፈረቃ አለ፣ እዚያም ኮምፒውተር አለ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ልዕልት ቪክቶሪያ በ2012 እስቴልን የወለደችው ካሮሊንስካ ሶልና ነው፣ የስፖንጋና የሪንከቢ ሴቶች የሚሄዱበት የመንግሥት ሆስፒታል። የዙፋን ወራሽ ከዚህ የተሻለ ቤት ቢኖራት ኖሮ ወደዚያ ትሄድ ነበር።

ወጣቷ፦ ልዕልቲቱ ስትገባ የተቀበሏት ሁሉ ስሟን ያውቃሉ። «ልጄ እየመጣ ነው» ብትል «ገና ነሽ» ብሎ ጥሏት የሚወጣ አይኖርም። እኔ የጎደለኝ ሕንፃው ወይም መሣሪያው አይደለም።

አንጋፋዋ፦ ...እሺ። ይህን አልከራከርሽም።

ወጣቷ፦ ሌላም አለ። አነስ ያለ ቤት ይሻላል። ጓደኞቼ ድሮ ቤቤ ስቶክሆልም የሚባለውን ማዋለጃ ያወሩልኛል፤ ዳንደሪድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ በግል የሚተዳደር፣ ባል አብሮ የሚያድርበት፣ ጸጥ ያለ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሴቶች ለመግባት ይጋፉ ነበር ይላሉ። ሰው የሚጋፋው ያለ ምክንያት ነው?

አንጋፋዋ፦ ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ የሠሩ ጓደኞች ነበሩኝ፤ ሥራቸውን ይወዱ ነበር። ግን ማንን ይቀበሉ እንደነበር ጠይቂ። ጤናማ እርግዝና ያላትን ነበር። ስኳር ያለባት፣ ደም ግፊት ያለባት፣ መንታ ያረገዘች፣ ቀኗ ሳይደርስ የመጣባት የት ሄደች? ወደ ትልቁ ሆስፒታል። ከእኛ ሰፈር ሴቶች ስንቱ እርግዝና ላይ ስኳር እንደሚታይባቸው አንቺም ታውቂዋለሽ። ቀላሉን ምጥ አንዱ ቤት ለይቶ ሲወስድ፣ ከባዱ ሁሉ የቀረበት ቤት ይጨናነቃል፣ አዋላጆቹም ይሰለቻሉ። ከዚያ አንቺ ትገቢና ፊታቸውን አይተሽ «የመንግሥት ነገር!» ትያለሽ።

ቤቤ ሶፊያን ደግሞ አስታውሺ። በ2014 በሶፊያሄመት ተከፈተ፤ በንግሥት ሶፊያ የተሰየመው የድሮ ሆስፒታል ማለት ነው። አዲስ፣ ቆንጆ፣ በግል የሚተዳደር፣ በሪጂዮኑ ገንዘብ የሚሠራ። ከተማው በወሊድ ተጨናንቆ ስለነበር ሁላችንም እፎይ አልን። በ2016 ተዘጋ። የሚከፈለው ወጪውን አልሸፈነውም፤ ባለቤቱ ኪሳራውን አይቶ ወጣ። እዚያ እወልዳለሁ ብለው ሲዘጋጁ የነበሩ እናቶች በያሉበት ሌላ ቦታ ፍለጋ ገቡ። ካሮሊንስካ «ዘንድሮ አልተረፈኝም» ብሎ በሩን ዘግቶ አይሄድም።

ወጣቷ፦ ካሮሊንስካ አይሄድ ይሆናል። የሶሌፍቴዮ ከተማውስ? የሕዝብ ሆስፒታል አልነበረም? የዚያ አካባቢ ምክር ቤት በ2017 ማዋለጃ ክፍሉን ሲዘጋው ሴቶቹ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እየነዱ መሄድ ግድ ሆነባቸው። አዋላጆች ለነፍሰ ጡሮችና ለባሎቻቸው መኪና ውስጥ እንዴት እንደሚወለድ ትምህርት እስከመስጠት ደረሱ። ዓለም ሁሉ ዜናውን አወራው። በዚህ ሀብታም አገር! ገንዘብ ሲያጥረው የመንግሥቱም ይዘጋል። የመንግሥት መሆኑ ብቻውን እናትን አያስጠጋም።

አንጋፋዋ፦ የተዘጋውን በምርጫ ጊዜ ልትጠይቂው ትችያለሽ። ኩባንያን በምን ትጠይቂዋለሽ?

ወጣቷ፦ የሶሌፍቴዮ ሰዎች ሆስፒታሉ ውስጥ ተፈራርቀው እያደሩ፣ ለዓመታት ተቃወሙ። ጠየቁ እኮ! ማዋለጃው ተከፈተላቸው?

አንጋፋዋ፦ አልተከፈተም።

ወጣቷ፦ አሁን ደግሞ የሚያመኝን ልንገርዎ። ቢርጊታ ኤሴን የምትባል የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 ያወጣችው ጥናት አለ። ከ1990 እስከ 1996 ስዊድን ውስጥ በወሊድ ዙሪያ የሞቱ ሕፃናትን መዝገብ መረመሩ። የ63ቱ እናቶች ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ናቸው፣ የ126ቱ ስዊድናውያን። በአገልግሎቱ ጉድለት የጠፉ፣ ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ሕፃናት በእኛዎቹ በኩል በዝተው ተገኙ። ይህ የሆነው በዓለም ምርጥ በሚባለው፣ በነፃው፣ ለሁሉም እኩል ነው በሚባለው ቤት ውስጥ ነው። እኔ ከዚያ ወገን ነኝ። አምነሽ ግቢ ሲሉኝ ይህን እያሰብኩ ነው የምገባው።

አንጋፋዋ፦ ጥናቱን አውቀዋለሁ። ሥራ ላይ እያለን አንብበነዋል። ከምክንያቶቹ መካከል ዘግይቶ መምጣትና ኦፕራሲዮንን እምቢ ማለት አሉበት። ያ የእኛ ነው፣ መሸሸግ የለብንም።

ወጣቷ፦ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ሆድ ውስጥ እድገቱ የቀነሰ ጽንስ በቂ ክትትል አለማግኘቱ አለ። የልብ ምቱ ንባብ በስሕተት መተርጎሙ አለ። ተገቢ ያልሆነ መድኃኒት አለ። ተነጋግሮ አለመግባባት አለ። ይህስ የማን ነው?

አንጋፋዋ፦ የእነሱ። የእኛም ልበል፣ እኔም ያን ነጭ ልብስ ለብሻለሁና። ስለ እምቢታው ግን ያየሁትን ልንገርሽ። ከአገር ቤት የመጣች እናት ኦፕራሲዮን ሲሏት ወዲያው ሞት ነው የሚታያት። እሷ በምታውቀው አገር ቢላ የነካት ጎረቤቷ አልተመለሰችም። ስለዚህ ባሏን ታያለች። ባሏ ስልክ አንሥቶ ወንድሙን ይጠራል፤ ወንድሙ ቄሱን ጠይቁ ይላል። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ወንድ ስለሆነ ደግሞ እሷ ታፍራለች። ይህ ሁሉ ሲሆን የልጁ ልብ እየደከመ ነው። እኔ በጎኗ ተንበርክኬ በአማርኛ «እህቴ፣ እዚህ አገር ከዚህ ክፍል ወጥተሽ ልጅሽን ታቅፈሽ ትሄጃለሽ» ስላት እጄን ይዛ እሺ ያለችኝ አለች። ያን ዕለት ፈረቃዬ ባይሆንስ ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

ወጣቷ፦ እኔም የምለው እሱን ነው! ያቺ እናት ሕይወቷ የተንጠለጠለው በእርስዎ ፈረቃ ላይ ነበር። ሥርዓቱ አልነበረም የያዛት።

አንጋፋዋ፦ ሥርዓቱ ነው እኔን እዚያ ያቆመኝ።

ወጣቷ፦ አማርኛ ተናጋሪ ያስፈልገናል ብሎ ነው ያቆመዎት?

አንጋፋዋ፦ አይደለም። እንዲያው ገጠመ።

ወጣቷ፦ አስተርጓሚ ደግሞ በሕግ መብት ነው ይሉናል፤ በ2022 መንግሥት የመሠረቱት ፓርቲዎች የቲዶ የሚባለውን ስምምነት ሲፈራረሙ ግን ነፃ አስተርጓሚን ለመገደብ ተስማምተዋል። ነገ የመንግሥቱ ቤት እንኳ አፌን ሊያስከፍለኝ ነው። የግል ክሊኒክ ግን ደንበኛው ሐበሻ ከበዛ ሐበሻ አዋላጅ ይቀጥራል። ስለሚወደን አይደለም፣ ስለሚያዋጣው ነው። ለእኔ ያም ይበቃኛል።

አንጋፋዋ፦ ለክትትሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ለምጡ ግን አማርኛ ብቻውን መፍትሔ ይሆናል ብለሽ አትደምድሚ። እዚሁ ስቶክሆልም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ምጥን የሚያጅቡ፣ ዶውላ የሚባሉ ሴቶች ምን ያህል እንደሚረዱ በጥናት ተፈትኗል። ሶማልኛ፣ ዐረብኛ፣ ፖላንድኛ፣ ሩስኛና ትግርኛ ተናጋሪ እናቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ዶውላ አገኙ። ውጤቱ በ2022 ሲወጣ እናቶቹ ስላገኙት አገልግሎት በሰጡት አስተያየትም ሆነ በስሜታቸው በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም።

ወጣቷ፦ አማርኛ እንኳ ከቋንቋዎቹ መሐል የለበትም። ቢኖርም አልደነቅም ነበር። ዶውላዋ እጅሽን ትይዛለች እንጂ አትወስንም። የምትወስነው አዋላጅ ያው እንግዳ ናት። «ገና ነሽ» ያለችኝን ሴት ዶውላ ልትመልሳት አትችልም ነበር።

አንጋፋዋ፦ እዚህ ጋ ደረስሽልኝ። የምትፈልጊው የምታውቅሽ አዋላጅ ከሆነ፣ እሱ ሲሞከር ያየሁት የት ነው? ሁዲንጌ ካሮሊንስካ፣ የመንግሥት ሆስፒታል። በ2018 «የእኔ አዋላጅ» የሚባል ሥራ ጀመሩ፤ ምጥ የሚያስፈራቸውን እናቶች ጥቂት አዋላጆች ከእርግዝናው እስከ ወሊዱ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ኩባንያ ያመጣው አይደለም። እንዲህ ያለ አሠራር ገንዘብ ይበላል፤ አዋላጇ ተረኛ ሆና ስትጠብቅ ምጥ ባይመጣም ይከፈላታል። በእያንዳንዱ ወሊድ የሚከፈለው ቤት ይህን ለመሸከም ይከብደዋል።

ወጣቷ፦ እኔ ስፖንጋ ነኝ፤ ሁዲንጌ ከተማውን አቋርጦ ማዶ ነው።

አንጋፋዋ፦ እዚህም ይምጣ ብለሽ ጠይቂ።

ወጣቷ፦ ማንን? እትዬ፣ አዋላጆቹ ራሳቸው በ2021 አደባባይ ወጥተው ጮኹ። አንዲት አዋላጅ ለአንዲት ምጥ ላይ ላለች እናት ትመደብ አሉ። ሥራቸውን የለቀቁ አሉ። እነሱ ካልተሰሙ እኔ በተሰባበረ ስዊድንኛዬ ለማን ልጩህ?

አንጋፋዋ፦ የለቀቁት አንዳንዶቹ ወደ ግል ነው የሄዱት፣ ታውቂያለሽ? ፈረቃ የሌለበት፣ ሌሊት የሌለበት የክትትል ክሊኒክ ገቡ። አዋላጅ ከሰማይ አይወርድም። ግራ እጅሽን ስታለብሺ ቀኝሽ ይራቆታል።

ወጣቷ፦ ወደ ግሉ የሄዱት የመንግሥቱ ቤት ስላቃጠላቸው ነው። ሌላ በር ባይኖራቸው ሙያውን ጨርሰው ይተዉት ነበር።

አንጋፋዋ፦ ይህም እውነት አለው። አሁን ግን ወዳንቺ ልመለስ፤ ሆድሽ እየገፋ ነው፣ ሪጂዮኑ እስኪታረም አይጠብቅሽም። ሳንክት ዮራንን ምረጪ፣ አልከለክልሽም። ግን ምርጫሽ ምኞት እንጂ ቃል ኪዳን አለመሆኑን ዕወቂ። የሞላ ዕለት ወደ ሌላ ይልኩሻል፤ በጋ ላይ ከሆነ፣ ሁሉም ዕረፍት በወጣበት፣ እስከ ሴዴርቴልዬም ሊደርስ ይችላል። ያለፈው ምጥ ስላስፈራሽ ደግሞ ሆስፒታሎቹ አውሮራ የሚሉት የምክር ክፍል አላቸው፤ ወሊድ የሚያስፈራትን ሴት ይቀበላሉ። ክትትልሽን ለምታደርገው አዋላጅ «ባለፈው ምጥ አልተሰማሁም፣ ፈርቻለሁ» በያት፤ በዚህ ቃል። ወደዚያ ትልክሻለች። ያለፈውን መዝገብሽን አምጥተው ምን ሆኖ እንደነበር አብረውሽ ያነባሉ። እናትሽ እዚህ የለችም፤ ከፈለግሽ እኔ አብሬሽ እገባለሁ።

ወጣቷ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ካሉልኝ የት እንደምወልድ አልጨነቅም፤ እውነቴን ነው። ግን ይህ ለእኔ ነው። ዩልስታ ያለችው፣ አምና ከጎንደር የመጣችው ልጅ እርስዎን አታውቅዎትም። እሷስ?

አንጋፋዋ፦ ለእሷ ስል ነው የምከራከርሽ። እንዳንቺ መናገር የሚችሉት፣ ጥናት የሚያነቡት፣ ባላቸው የሚያጅባቸው እየመረጡ ከወጡ፣ እዚያ ቤት የሚቀሩት እንደ እሷ አፍ የሌላቸው ብቻ ናቸው። ያን ጊዜ ቤቱ ይበልጥ ይበላሻል፤ የሚቆጣም አይኖርም።

ወጣቷ፦ እኔ ግን ውስጥ ሆኜ ስቆጣ ማንም አልሰማኝም። ክሊኒክ ስለውጥ ገንዘቡ አብሮኝ ይወጣል። እሱ ሲጎድል ያዩታል።

አንጋፋዋ፦ ሀብታም ሰፈር ላይ ገንዘብ ሲጎድል ክሊኒኩ ይሻሻላል። ቴንስታ ላይ ሲጎድልስ? ይሻሻላል ወይስ ይዘጋል?

ወጣቷ፦ ሊዘጋ ይችላል። ያን የሚፈራ ሰው ሴቶቹ ለምን እንደሚሄዱ አስቀድሞ ይጠይቅ። እኔ ከወለድኩ ጀምሮ ያ ሌሊት እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀኝ ከዚያ ቤት አንድም ሰው የለም።

አንጋፋዋ፦ እኔ ጠየቅኩሽ።

ወጣቷ፦ እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል፣ እትዬ።